ከኋላ በሩ ላይ የተለጠፈው ፊደል

ከላሊበላ እስከ ወልድያ ባለው መንገድ የመኪና ፊደልና ቁጥር እንደኔ የሚያነብ ሰው የለም። መኪና ገና አቀበቱን ሲጀምር በድምፁ ብቻ ስሙን እጠራዋለሁ። ጃፓኖች ራሳቸው አንድ ፊደል ቢጠፋባቸው ደውለው የሚጠይቁት እኔን ነው። እስካሁን አልደወሉም፤ አልጠፋባቸውም ማለት ነው።

ጋራዥ ውስጥ በዕቃ ክፍል ሠራተኛነት የተቀጠርኩ ዕለት ግን እንዲህ አልነበርኩም። ባለቤቱ ጋሽ መኮንን ጭቃ የለበሰች ፒክአፕ አጠገብ አቆሙኝና ጠየቁኝ።

"ኤች ዜድ ጄ 75 ይላል። ምን ማለት ነው?"

"ኤች ኃይለኛ፣ ዜድ ዘላቂ፣ ጄ ጀግና" አልኩ ሳልፈራ።

"ሰባ አምስቱስ?"

"የምትጭነው ሰው ብዛት ነው።"

ጋሽ መኮንን እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "በገበያ ቀን እሱስ አልተሳሳትክም" አሉ። ከዚያ ኮፈኑን ከፍተው አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ በጨርቅ ወለወሉ። "ኤች ዜድ የሞተሩ ስም ነው። ጄ የመኪናዋ ዘር ነው፤ ላንድክሩዘር መሆኗን ይነግርሃል። ሰባ አምስት ማለት ሰባ ከሚባለው ትውልድ ረጅሟ ማለት ነው። ሰውን ከነአባቱ ከነአያቱ እንደምትጠራው አድርገህ አንብባት። ዕቃ ስታዝ ከዚህች ቆርቆሮ ላይ ትገለብጣለህ፤ ጽፈህ መልሰህ ታነባለህ። ገባህ?"

ገባኝ። እንዲያውም ከልክ በላይ ገባኝ። ከዚያ ቀን ወዲያ መንገድ ላይ የቆመ መኪና አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ሰው ለቅሶ ሲሄድ እኔ የለቀስተኞቹን መኪና አነባለሁ።

አንድ ቀን የሰፈራችን አባ ጋራዡ በር ላይ አንድ የመንግሥት መኪና አይተው፣ "ልጄ፣ ይህ ቪ ኤይት የሚሉት ነገር ምንድን ነው?" አሉኝ።

"አባ፣ ሞተሩ ውስጥ ስምንት ሲሊንደር አለ። መዘምራን ለወረብ ሲቆሙ አይተው የለ? አራቱ በዚህ፣ አራቱ በዚያ፣ ሁለት ረድፍ ሆነው ቪ ይሠራሉ።"

አባ መቋሚያቸውን ተደግፈው አሰቡና፣ "እንግዲያ ቢዘምሩ ይሻላቸው ነበር፤ ይህ ጩኸት ብቻ ነው" ብለው ሄዱ።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሰው ሁሉ "ፕሮፌሰር" ይለኝ ጀመር። ስም አውጪው ዋና መካኒካችን ፈንታው ነው። እሱ ሲያወጣው ለማላገጥ ነበር፤ እኔ ግን እንደ ሹመት ተቀበልኩት።

አሁን ወደዚያች ሐሙስ ልምጣ። ላሊበላ እንግዳ ከራቃት ከርሞ ነበር። ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው እትዬ ዘውዴ በዚያ ሁሉ ክፉ ጊዜ የቤቱን ዕቃ ቢሸጡም፣ ኮብራ የምንላትን ላንድክሩዘራቸውን ግን አልሸጡም። "እንግዳ የመጣ ቀን በምን ልቀበለው?" ነበር መልሳቸው። ያ ቀን መጣ! ስድስት እንግዶች ቅዳሜ በስድስት ሰዓት አውሮፕላን ይገባሉ፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚወስዷቸው እሳቸው ናቸው። መኪናዋ ግን ሐሙስ ጠዋት ነጭ ጭስ እየተፋች፣ ውኃዋን እያፈላች ጋራዣችን ደረሰች።

"ካልተነሳች ሥራው ለሌላ ይሰጣል" አሉኝ እትዬ ዘውዴ። "አንዴ ከቀረሁባቸው ደግሞ ሁለተኛ አይደውሉልኝም።"

"እኔ እያለሁ?" አልኳቸው።

ጋሽ መኮንን ዘመድ ሞቶባቸው ወገል ጤና ሄደዋል። ፈንታው ኩልመስክ የቆመ የጭነት መኪና ሊጠግን ወጥቷል። በስልክ የጭሱን ዓይነት ነገርኩት። "የቴስታታው ጓርኒሲዮን ነው፤ እዘዝ" አለኝ። ይህ በሞተሩ ራስና በሞተሩ አካል መሐል የሚገባ፣ ቀዳዳ የበዛበት ስስ ነገር ነው። አንድ ቀዳዳ ከሳተ አለቀ።

ያን ቀን አዲስ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ነበር። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይወጣል፣ ዘይት ይፈናጠቃል። ስለዚህ ዞሬ ከኋላ በሩን አነበብኩ። "ቱርቦ" ይላል፣ በሚያብረቀርቅ ፊደል። ቱርቦ፣ ያው ለሞተሩ አየር እየነፋ ጉልበት የሚጨምረው፣ ያላት ኮብራ ኤች ዲ ጄ 80 ናት፤ ሞተሯ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ደወልኩ።

"እርግጠኛ ነህ?" አለ ዕቃ ሻጩ።

"የምታናግረው ፕሮፌሰሩን ነው" አልኩት።

ፈንታው ዓርብ ጠዋት መጥቶ ሞተሩን ፈታ፤ ዕቃው መታዘዙን ነገርኩት፤ የፊደል ነገር የእኔ ነውና ሌላ አልጠየቀም። እኩለ ቀን ላይ ከአውሮፕላን የወረደውን እሽግ እንደ ጥሎሽ በሁለት እጄ ይዤ ገባሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር፤ አጭር ንግግርም አደረግሁ። ፈንታው ጓርኒሲዮኑን አነሳ፣ ሞተሩ ላይ አስቀመጠ፣ አዞረ፣ እንደገና አስቀመጠ።

"ፕሮፌሰር፣ ይህች መኪና ቱርቦ የላትም።"

"ከኋላ ተጽፏል እኮ!"

"ከኋላማ ተጽፏል። ከፊት ነው የሌለው።" ቆርቆሮዋን በአውራ ጣቱ ጠረገ። ኤች ዜድ ጄ 80።

እትዬ ዘውዴ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ በወደድኩ። "ነገ ስድስት ሰዓት ነው" አሉ፣ ቀስ ብለው።

ከአዲስ አበባ ሌላ ቢታዘዝ ነገ ከእንግዶቹ ጋር በዚያው አውሮፕላን ነው የሚደርሰው። ቆርቆሮዋን ትክ ብዬ አየሁ። ኤች ዜድ ሞተሩ። ጄ ዘሯ። ሰማንያ ትውልዷ። ጓርኒሲዮን ስለ ትውልድ ምን አገባው? የሚገባው ሞተሩ ውስጥ አይደለም እንዴ?

"ሰይድ!" ብዬ ስጮህ ፈንታው መፍቻውን ጣለ። ሰይድ የፍላቂት ገብስ ነጋዴ ነው፤ በኤች ዜድ ጄ 75 ነው የሚጭነው፤ መለዋወጫ አልጋው ሥር እያስቀመጠ የሚተኛ ሰው ነው። ደወልኩ።

"የቴስታታ ጓርኒሲዮን አለህ?"

"አለኝ፣ ለራሴ መኪና የሚሆን። ምነው?"

"ለእትዬ ዘውዴ ኮብራ ነው።"

"እንዴ! የኔዋ እኮ ፒክአፕ ናት፤ ገብስ እንጂ ፈረንጅ ጭና አታውቅም!"

"ሞተራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ኤች ዜድ።"

"ወላሂ በል?"

"ወላሂ!" አልኩ፣ እኔ ማተብ ያሰርኩት።

"በቃ አብሽር፣ በሚኒባስ ልኬዋለሁ። ካልገጠመ ግን ገብሱን የምትሸከምልኝ አንተ ነህ።"

ማታ በጋሸና በኩል ደረሰ። ፈንታው ሞተሩ ላይ አስቀመጠው፤ ቀዳዳው ሁሉ ልክክ አለ። ቅዳሜ ገና ሲነጋ ሥራ ጀመርን። እኔ ብሎኖቹን በየተራቸው አቀብላለሁ፣ ፈንታው ከመሐል ወደ ዳር እየሄደ ያጠብቃል። የሸሚዙን ነገር አትጠይቁኝ። ውኃውን ስንሞላ የአውሮፕላኑ ድምፅ ከበላያችን መጣ። እትዬ ዘውዴ ቁልፉን አዞሩ። አንዴ አጉረመረመች። ሁለተኛ አጉረመረመች። በሦስተኛው ተነሳች፤ ነጭ ጭስ የለም! እልልታው እስከ ቤተ ጊዮርጊስ ተሰምቷል ብል አላጋንንም፤ ትንሽ ብቻ ነው የማጋንነው። እትዬ ዘውዴ ራሳቸው እየነዱ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ቁልቁል ተወረወሩ። ደረሱም።

ሰኞ ተመልሰው መጡ። እንግዶቹ ጉዞውን ወደውላቸዋል፤ ሌላ ቡድን እንደሚመጣም ተነግሯቸዋል። "አሁን ይህን ውሸታም ፊደል ፋቅልኝ" አሉ ወደ ኋላ በሩ እያመለከቱ። "የትኛው ሥራ ፈት ይሆን የለጠፈው?"

"ማን ያውቃል፣ እትዬ" ብዬ ቢላዋ አነሳሁ።

የመኪና ስም ከኮፈኑ ሥር ካለው ቆርቆሮ ላይ ነው የሚነበበው። ከኋላ በሩ ላይ ያለውን ማንም ሊለጥፈው ይችላል።

ይህንን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ከእትዬ ዘውዴ በፊት የመኪናዋ ባለቤት የነበረው ጎረምሳ "አሳምርልኝ" ብሎኝ፣ ከመደርደሪያ አውጥቼ በገዛ እጄ አጣብቄለት ነበር። ከዓመታት በኋላ የራሴን ውሸት ራሴ አንብቤ አመንኩት። እትዬ ዘውዴ ይህን የሚያውቁት አሁን ሲያነቡት ነው።