በአንድ ቤት በለጠ

አልጣሽ ሙታኑን ማየት የጀመረችው መንደሩ በተቃጠለ በዓመቱ ነው። ውኃ ቀድታ ስትመለስ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ባለው ሜዳ ላይ ቆመው ታያቸዋለች። ግማሾቹ በዋንዛው ዛፍ በኩል፣ ግማሾቹ በደጀ ሰላሙ በኩል። አይናገሩም፣ አይንቀሳቀሱም። ፊታቸውን ወደሷ አዙረው ይጠብቃሉ። እሷም እንስራዋን እንዳዘለች በገደሉ አፋፍ ዞራ ትሄዳለች። መንገዱ ቢረዝምባትም በመሀላቸው ለማለፍ እግሯ እሺ አላላትም።

ለምን እንደሚጠብቋት ታውቃለች።

ጥሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ ከተቀመጠ በኋላ፣ ጠብመንጃ ያለው ሁሉ ያስረክብ የሚል አዋጅ አስነገረ። የመንደሩ ሽማግሌዎች መከሩና፣ «በየፊናችን ከሮጥን አንድ በአንድ ነው የሚለቅሙን። የጎበዝ አለቃ እንምረጥና እሱ ባለው እንደር» አሉ። የጎበዝ አለቃ በክፉ ቀን መንደሩ የሚታዘዝለት ሰው ነው። ለዚህ ሹመት ሁለት ሰዎች ተነሡ።

ይሄይስ የመንደሩ የላይኛ ሰፈር፣ የላይ ቤት ሰው ነው፤ ወንድሙን ጥሊያን ሰቅሎበታል። «አንዲት ጥይት አላስረክብም! ዱር ቤቴ ብዬ ዛሬውኑ ምሽጉን ነው የምመታ» አለ። ክንፈሚካኤል የታች ቤት ሰው፣ ልጆች የበዙበት፣ ረጋ ያለ ገበሬ ነው። እሱ ደግሞ፣ «ብረቱን ሰጥተን ነፍሳችንን እናትርፍ። ቀን እስኪያልፍ ያለፋል» አለ።

አልጣሽ ባሏ በወባ የሞተባት፣ ርስቱን ራሷ የያዘች ሴት ናት። ጥጥ ፈትላ ቡሬ ገበያ ትሸጣለች። ቤቷ ከላይ ቤትም ከታች ቤትም እኩል ይርቃል፤ ሐሳቧም እንደ ቤቷ ነበር። ጥሊያንን ትጠላለች፣ እሳትም ትፈራለች። በመንደሩ እንደሷ ያለው ብዙ ነው። እስከ ሞት ልዋጋ የሚለው ጥቂት፣ ሁሉን ላስረክብ የሚለውም ጥቂት።

ይሄይስ ይህን ለማወቅ አልዘገየም። አንድ ጧት ደጇ መጥቶ፣ «እታለም፣ ዛሬውኑ እንምታ ያልሁትን ተይው» አላት። «አዝመራው ይግባ። የማይተኩሱትን አሮጌ ብረቶች እናስረክብና ደህና ደህናውን እንደብቅ።»

«የላይ ቤት ጎበዛዝት ይህን ሲሰሙ አይከዱህም፣ አያ ይሄይስ?»

«ወዴት ይሄዳሉ? ለክንፈሚካኤል ሊያድሩ ነው? እነሱ ሲመርም ሲጣፍጥም የኔው ናቸው። እኔን የቸገረኝ እንዳንቺ መሀል ያለው ሰው ነው።»

ብዙም ሳይቆይ ክንፈሚካኤል መጣ። መደቡ ላይ ተቀምጦ ጭራውን ሲያገላብጥ ቆየና፣ «ሁሉንም እናስረክብ ማለቴ ሰው አስቀየመ መሰል። አሮጌ አሮጌውን እንስጣቸው፤ የቀረውን ደብቀን ቀን እንጠብቅ» አለ።

አልጣሽ ሳቀች። «ይህንኑ አያ ይሄይስም ብሎኛል።»

«እንግዲያ እሱ ወደኔ መጣ ማለት ነው» አለ ክንፈሚካኤል ሳይስቅ። «ካልመጣ መሀል ያለው ሰው ያመልጠዋል። እኔም ወደሱ ካልሄድሁ እንዲሁ።»

አንዱ ደጋፊ ባገኘ ቁጥር ሌላው ወደሱ ቃል ጠጋ ሲል፣ ጠጋ ሲል፣ ቀኑ ሲደርስ ሁለቱን የሚለያቸው ድምፃቸው ብቻ ሆነ። ነገራቸው አንድ ሲሆን ሰው የሚመርጥበት አጣ። ስለዚህ አንዱ የክርስትና ዝምድናውን አስቦ፣ ሌላው ማሳውን በበላ በሬ ቂም ይዞ፣ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ እያለ መንደሩ እንደ ተፈለጠ ግንድ መሀል ለመሀል ተከፈለ።

በምርጫው ቀን የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ገብረሰንበት ሜዳው መሀል ቆሙ። ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ወጣ፤ ለይሄይስ ያደረ በዋንዛው በኩል፣ ለክንፈሚካኤል ያደረ በደጀ ሰላሙ በኩል ቆመ። ተቆጠረ፣ እኩል ሆነ። ዳግመኛ ተቆጠረ፣ ያው።

«ያልቆመ ቤት አለ?» አሉ መሪጌታ።

አልጣሽ ከገበያ የደረሰችው ያን ጊዜ ነው። ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ አያት። «የማን ነሽ፣ አልጣሽ?» አሏት መሪጌታ። ይሄይስን አየች፤ ክንፈሚካኤልን አየች። ልቧ ምንም አላላትም። ፀሐዩ ዓይኗን ይወጋታል፤ ዋንዛው ጥላ አለው። ወደ ጥላው ሄደች።

«ይሄይስ በአንድ ቤት በለጠ!» አሉ መሪጌታ። ክንፈሚካኤል ተሻግሮ የይሄይስን ትከሻ ሳመና ገባለት።

ይሄይስ ደህና ደህናውን ብረት ከገደሉ ሥር ባለ ዋሻ አስደበቀ። ክንፈሚካኤልን ጨምሮ የሁለቱም ወገን ጎበዛዝት ሆነው ይጠብቁት ጀመር። ኋላ አንድ ባንዳ ጠቆመ። ጥሊያን ከነአስካሪ ወታደሮቹ መጥቶ መንደሩን አነደደው፤ ዋሻው አፍ ላይም ጭድና ጭራሮ አስከምሮ ለኮሰ። ይሄይስም ክንፈሚካኤልም አብረዋቸው የነበሩትም በጢስ ታፍነው አለቁ። አልጣሽ ያን ቀን ቡሬ ገበያ ነበረች።

ከዚያ ወዲያ ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ጥላ ፈልጌ ነው ብትል ማን ያምናታል?

ሙታኑ ሜዳው ላይ መቆም ከጀመሩ በኋላ ግን አልቻለችም። የክንፈሚካኤል ሚስት ወለተ ኢየሱስ ከነልጆቿ ከቃጠሎው በተረፈ ጎተራ ውስጥ ትኖር ነበር። አልጣሽ ሄዳ እግሯ ላይ ወደቀች።

«ይርገሙኝ፣ እትዬ። ወደ ባልዎ ብቆም ኖሮ ዛሬ ባል ነበረዎ።»

«በምርጫው ዋዜማ፣ ብታሸንፍ ብረቱን የት ልትደብቅ ነው ብዬው ነበር» አለች ወለተ ኢየሱስ። «ኸዋሻው በቀር ምን ቦታ አለና አለኝ።»

«ያው ዋሻ?»

«ያው ዋሻ። ወዲህ ብትቆሚ ወዲያ፣ እኔ ያው መበለት ነኝ። ተነሽ።»

አልጣሽ ልቤ ያርፋል ብላ ነበር፤ አላረፈም። ጥፋቱ የሷ ሳለ ቢያንስ የምትይዘው ነገር ነበራት። በማግስቱ ሜዳውን ስታይ ሰዎቹ አሉ፤ ግን ተቀላቅለው፣ ማን የማን እንደሆነ የማይለይ ሆነው። ወደሷም አያዩም፤ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። በመሀላቸው አለፈች። በዚያ ፀሐይ ብርድ አንዘፈዘፋት።

ሁለቱ ሴቶች አንድ ጎጆ ቀልሰው ከልጆቹ ጋር አብረው ኖሩ። ጥሊያን ቡሬን ለቆ ሲወጣ መንደሩ ግብሩን የሚያስገባለትን ጭቃ ሹም ሊመርጥ ተሰበሰበ፤ ሁለት ሰዎች ተነሡ፤ ሁለቱም ስለ ግብሩ አንድ ዓይነት ቃል ተናገሩ። አልጣሽ በራሷ ርስት ስም ባንዱ በኩል፣ ወለተ ኢየሱስ በባሏ ርስት ስም በሌላው በኩል ቆሙ። መሪጌታ ገብረሰንበት አርጅተዋል፤ ቆጥረው አላመኑም፣ እንደገና ይቆጥሩ ጀመር። ሁለቱ ሴቶች ማን እንደበለጠ ሳይሰሙ ተደጋግፈው ወደ ጎጇቸው ወረዱ።