ሱቅ ያልገባው ሳሙናችን

የእኛ ቤት ሱቅ አይወድም ነበር፤ ሱቆችም እኛን አይወዱም። በአሰላ ዋና መንገድ ግራና ቀኝ ካሉት ባለሱቆች ውስጥ እናቴን "እንደምን አደርሽ" የሚላት አንድም አልነበረም። ቢላትም አትመልስለትም፤ አውቃታለሁ።

የጠቡ መነሻ ሳሙና ነው። አባቴ ከቤታችን ጀርባ በተቆረጠ በርሜል ሳሙና ያበስላል። ሳሙናው በማንም ሱቅ ሳያልፍ ከእኛ እጅ በቀጥታ ወደሚያጥብበት ሰው እጅ ይሄዳል። እናቴ የከተማውን ደጆች ይዛለች፤ የነርሶቹን፣ የአስተማሪዎቹን፣ የጸሐፊዎቹን ቤት አንድ በአንድ እያንኳኳች ትሸጣለች። አጎቴ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ በበቅሎ ጭኖ ሁሩታ፣ ዲክሲስ፣ አንዳንዴም እስከ ጮሌ ይዘልቃል። ከዚያ ሲመለስ ጭቃውን ሳያራግፍ "ኩባንያችን እንዴት ሰነበተ?" ይላል። እናቴ ደግሞ "በርሜሉ ደህና ነው" ብላ ትመልስለታለች። የሚነጋገሩት ይህንኑ ያህል ነው። አባቴ በሁለቱ መካከል ተቀምጦ አፉን የሚከፍተው ለመብላት ብቻ ነበር።

አባቴ ሙያውን የለመደው ናዝሬት ነው፤ አንድ ሳሙና የሚያበስል የውጭ ሰው ቤት እሳት አንዳጅ ነበር። እሳት እያነደደ በዓይኑ ሰረቀው። ሞራ ይቀልጣል፣ ኮስቲክ ሶዳ ይገባበታል፣ በእንጨት ሲማሰል ይውላል፣ ጨው ይነሰነስበታል፣ ከዚያ በእንጨት ሳጥን ፈስሶ ሲረጋ በሽቦ ይቆረጣል። ሲቆረጥ ጫፍ ጫፉ ይተርፋል። ያ ቁርጥራጭ አይጣልም፤ የሚቀጥለው በርሜል ውስጥ ይጨመራል። እኔ አማሳይ ነበርኩ። ሽታው ፀጉሬ ውስጥ ገብቶ ትምህርት ቤት ድረስ ይከተለኛል። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ አፍንጫዋን በመሐረብ ትይዝ ነበር፤ እኔም ሆን ብዬ ወደሷ ጠጋ እላለሁ።

ጎረቤቶቻችንም ቢሆኑ ይጠሉናል፤ በተለይ ነፋሱ ከጭላሎ ተራራ በኩል ሲነፍስ። ግን ሳሙናውን ይገዙ ነበር። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

አንድ ባለሱቅ ከሌሎቹ ሁሉ የባሰ ነበር። ከአዲስ አበባ የሚያስመጣው በወረቀት የተጠቀለለ ሳሙና መደርደሪያው ላይ አቧራ ሲጠጣ ይውላል፤ እናቴ ግን በዘንቢል የወጣችውን ባዶ አድርጋ ትመለሳለች። በሱቁ ፊት ስናልፍ ምራቁን እንትፍ ይላል። እናቴ ደግሞ እዚያ ስትደርስ ነው ቀስ ብላ የምትራመደው።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል አንዲት የሆስፒታል ነርስ በሯን ገርበብ አድርጋ፣ "ዛሬ አልፈልግም። ሞራው የእስላም ነው አሉ፤ ዕቃዬን አላጥብበትም" አለቻት። እሺ ብላ እናቴ ሄደች። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የልብስ ሰፊው ሚስት፣ እንደኛው እስላም የሆነችው፣ "ወላሂ አዝኛለሁ፤ ሞራው የክርስቲያን ነው አሉኝ። የምሰግድበትን ልብስ እንዴት ላጥብበት?" አለቻት። ለሁለቱም የነገራቸው ያው አንድ ባለሱቅ ነው። ለክርስቲያኗ አንድ ወሬ፣ ለእስላሟ ሌላ ወሬ፤ ያውም በአንድ ቀን!

እውነቱን ልናገር፦ ሞራው የሁለቱም ነበር። አባቴ ከእስላም ልኳንዳም ከክርስቲያን ልኳንዳም ይገዛና አንድ በርሜል ውስጥ ይከተዋል። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ጠይቆን አያውቅም።

"ሳሙና አይበላም በያቸው!" አለ አጎቴ።

"እኔ ደጃቸው ላይ ቆሜ ነው የምሸጠው፤ ዓይን ለዓይን ነው የምንተያየው" አለች እናቴ። "እርስዎ በቅሎ ላይ ነዎት፤ ማን ቀና ብሎ ያይዎታል?"

እናቴ የመሰላትን አደረገች። ሁለተኛ በርሜል አስቆረጠች፣ ሁለተኛ ሳጥን አሠራች። በክርስቲያን ሞራ የተሠራው ጀርባው ላይ በሽቦ አንድ መስመር ይሰመርበታል፤ የእስላሙ ልሙጥ ነው። ሁሉም የየራሱን ይወስዳል። ሰው ሁሉ ደስ የሚለው መስሏት ነበር። እኛም መስሎን ነበር። ግን ሁለት ዓይነት መኖሩን ስንናገር ጊዜ፣ ዕድሜ ልኳን ጠይቃ የማታውቀው ሁሉ መጠየቅ ጀመረች። አገላብጣ የማታይ፣ አሽትታ የማትመልስ ጠፋች። አንዷማ መስመሩ ቀጭን ነው ብላ መለሰችልን!

በየካቲት አስተማሪዎች ሥራ አቆሙና ትምህርት ቤት ተዘጋ። እናቴ ሁለተኛውን ዘንቢል አሸከመችኝ። የወሰደችኝ ለጉልበቴ ብቻ አይደለም፤ ለአማርኛዬም ነው። እሷ አማርኛ የተማረችው በየደጁ ሳሙና ስትሸጥ ነው፤ ስትናገር ኦሮምኛው ያዘነብልባታል። አንዲት የጸሐፊ ሚስት፣ ከጎጃም ይሁን ከሸዋ እንጃ፣ እናቴ አንድ ነገር በተናገረች ቁጥር አፏን አጣማ ትደግምላታለች፤ ከዚያ ለብቻዋ ትስቃለች። እናቴ ፊቷ ሳይለወጥ ሳሙናውን ታቀብላታለች። እኔ ሳሙናውን አፏ ውስጥ ልከትላት እመኝ ነበር።

የዚያች ሴትዮ ደጅ ላይ ነው ጉዱ የፈላው። መስመር ያለውን አንስታ በጥፍሯ ወጋ ወጋ አደረገችው።

"ነዪ እስቲ አንቺ ልጅ። ጾም ከገባ ወዲህ የኛ ልኳንዳ ተዘግቷል። ይሄ ደግሞ ገና እርጥብ ነው፤ ጥፍሬን ያስገባል። ሞራውን ከየት አመጣችሁት?"

ደስ አለኝ። የማውቀውን ነገር ነው የጠየቀችኝ፤ ያውም እናቴን ሳይሆን እኔን። ደረቴን ነፍቼ አስረዳኋት።

"በቅበላ ጊዜ ብዙ ገዝተን በጨው አስቀምጠናል፣ እትዬ። እሱ ሲያንስ ደግሞ አባቴ ቁርጥራጩን ጨምሮ መልሶ ያበስለዋል። ምንም አይጣልም!"

"የየትኛውን ቁርጥራጭ?"

"የሁለቱንም" አልኩ።

ያልኩትን ያወቅሁት እናቴ ክንዴን ስትቆነጥጠኝ ነው። እሷም ነገሩን ገና መስማቷ ነበር። አባቴ ሁለቱን ቁርጥራጭ እንደ ልማዱ እንደሚቀላቅል የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ ያንን እንደ ሙያ እንጂ እንደ ጥፋት አይቼው አላውቅም።

ቤት ስንደርስ እናቴ አባቴ ላይ ጮኸችበት። "ሁለት በርሜል ያስቆረጥኩት ለምንድን ነው? ለጌጥ ነው?"

አባቴ ማማሰያውን ሳይለቅ፣ "ታዲያ ልጣለው?" አላት። በዚያ ወር ከአፉ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ይህ ነው።

በሦስት ቀን ውስጥ ከተማው ሁሉ አወቀ። ሳሙና የሚመልስ በዛ። ግማሹ ያልተነካ ነው፤ ግማሹ ደግሞ አልቆ አልቆ እንደ ቅጠል የሳሳ፣ ፀጉር የያዘ። አንዷ በአጥር ላይ ወርውራ አባቴን ትከሻው ላይ መታችው። ደጅ ስናንኳኳ ከውስጥ ድምፅ ይጠፋል፤ ትንፋሻቸው ግን ይሰማል። እናቴ ቆማ ትጠብቃለች። እኔ "እንሂድ" ስላት፣ "ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ያበላሸሽው አንቺ ነሽ፤ ቁሚ" ትለኛለች። እውነቷን ነበር፤ ስለዚህም እሷንም ጠላኋት።

አጎቴ ወሬውን የሰማው ጮሌ ሆኖ ነው። በቅሎዋን ላብ እንዳጠመቃት አስሮ ሲገባ ፊቱ ላይ ደስታ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

"አለቀ" አለ። "ከባለሱቁ ጋር ተነጋግሬያለሁ። ሳሙናችንን በሙሉ እሱ ይወስዳል። በወረቀት ይጠቀልለዋል፣ የወፍ ሥዕል ያደርግበታል። ሱቅ ገብቶ ሞራው የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?"

አይቼ አላውቅም። ትክክል መሆኑ ነው የበለጠ ያናደደኝ። ሰው የሚመረምረው ደጁ ድረስ የመጣችለትን ሴት ነው።

"አንድ ነገር ብቻ ነው የሚፈልገው" አለ አጎቴ ወደ አባቴ ዞሮ። "ሚስትህ ከእንግዲህ ማንም ደጅ ላይ እንዳትታይ። ከታየች ውሉ ፈረሰ።"

"በርሜሉን ውሰዱት" አለች እናቴ። "ደጆቼን ግን ለማንም አልሰጥም።"

"ደጆቼ! ሳሙና የሚወረወርብሽ ደጆች!"

"ይወርውሩ። እኔን ያውቁኛል። እሱን ማን ያውቀዋል?"

አጎቴ ሳቀ። ውሉ እሁድ እንዲፈረም ወሰነ፤ በቤቱ ካለነው ፊደል የቆጠርኩት እኔ ብቻ ስለሆንኩ የምጽፈውም እኔ ሆንኩ። እናቴ ደግሞ ለደንበኞቿ፣ "ሳሙና የምትመልሱ እሁድ ጠዋት ኑ፤ እቀበላችኋለሁ" ብላ ላከች። አስባበት ይሁን ሳታስብበት ዛሬም ጠይቄአት አልነገረችኝም።

እሁድ ባለሱቁ መጣና ከወንበሮቻችን ደህናውን መርጦ ተቀመጠ፤ መሐረቡን ከአፍንጫው አላነሳም። አጎቴ እየነገረኝ እኔ ጻፍኩ። "የቤቱ ሴት ከዛሬ ጀምሮ በማንም ደጅ ቆማ ሳሙና እንዳትሸጥ" የሚለው ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ወረቀቱን ቀደደው። አጎቴ "በሌላ ወረቀት!" አለ። በሌላ ወረቀት ጻፍኩት። አባቴ አውራ ጣቱን ቀለም ላይ ሊያሳርፍ እጁን ዘረጋ።

እናቴ ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር። በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችውና በዚያ በሚሳቅበት አማርኛዋ ባለሱቁን ጠየቀችው፦

"አንድ ነገር ንገረኝ። ለአንተ የየትኛውን ሞራ እናብስል? የእስላሙን ነው የክርስቲያኑን?"

"ኧረ ምን ቸገረኝ!" አለ ባለሱቁ። "የጅብም ይሁን። ከተጠቀለለ በኋላ ማን ያየዋል? የዚህ ከተማ ሴቶች ወረቀቱ ካማረ ምንም ብትሸጥላቸው ይገዛሉ።"

ከውጭ፣ "ምን አልክ አንተ?" የሚል ድምፅ መጣ። የጸሐፊው ሚስት ናት፤ የምትመልሰውን ሳሙና እንደያዘች በረንዳው ላይ ቆማለች። ከኋላዋ ነርሷ፣ ከነርሷ ኋላ የልብስ ሰፊው ሚስት። "የጅብ ነው ያልከው? የእስላም ሞራ ነው ብለህ የነገርከኝ ሰውዬ አንተ አይደለህም?" አለች ነርሷ።

"ለኔ ደግሞ የክርስቲያን ነው ብለኸኛል!" አለች የልብስ ሰፊው ሚስት።

"ኧረ እኔ... ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነው..."

"ሰውየው አንተው ነህ!"

ባለሱቁ ባርኔጣውን አነሳ። ለመውጣት በሴቶቹ መካከል ማለፍ ነበረበት፤ አላሳለፉትም። ሲሰድቡት እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ ሁሉንም በልቤ መዘገብኩ። ከሁሉም ያማረው የጸሐፊው ሚስት ስድብ ነበር፤ ያ የተጣመመ አፍ ለካ ለዚህ ጊዜ ኖሯል!

አጎቴ አባቴን፣ "ፈርም!" አለው። አባቴ ጣቱን አየ፣ ከዚያ እናቴን አየ፣ ከዚያ የቀለሙን ክዳን ገጠመ።

"በርሜሉ ሁለት ነው" አለ። "አንዱን ውሰድ።"

አጎቴ በማግሥቱ አንዱን በርሜል፣ አንዱን ሳጥንና ሽቦውን ወስዶ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ እኛ ቤት አልገባም፤ መንገድ ላይ ሲያየን ይሻገራል። ለባለሱቁ ያበስልለታል ይባላል። ያብስል።

ሴቶቹ ባለሱቁን ሰደቡ ማለት ግን እኛን ወደዱ ማለት አይደለም። ሳሙናቸውን በረንዳው ላይ ደርድረውልን ነው የሄዱት፤ አንዷም ደህና ዋሉ አላለችም።

ማክሰኞ ጠዋት እናቴ ዘንቢሏን አነሳች። ሳሙናው ሁሉ ልሙጥ ነው፤ መስመር የሚባል ነገር ቀርቷል። "ዛሬ አንቺ ዝም በዪ" አለችኝ። "እኔ እናገራለሁ።"

የነርሷ ደጅ አልተከፈተም። ቀጥሎ ያለው ተከፍቶ ተዘጋ። የጸሐፊው ሚስት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወጣች።

"ዛሬስ የማን ነው?"

"የሁለቱም ነው" አለች እናቴ። "ድሮም የሁለቱም ነበር። ከፈለግሽ ውሰጂ፤ ካልፈለግሽ ተዪው።"

ሴትዮዋ እናቴ እንደተናገረችው አድርጋ፣ አፏን አጣማ፣ "ተዪው" አለች። ሳቀች። እናቴ አልሳቀችም፤ አልሄደችምም። ዘንቢሉን መሬት ላይ አስቀምጣ ቆመች። ብዙ ቆየን፤ ፀሐዩ ራሳችን ላይ ወጣ።

በመጨረሻ ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ሁለት መረጠች። "ለልብስ ነው" አለች። "ለዕቃዬ እንዳይመስልሽ። ደግሞም አልወድሽም።"

"እኔም አልወድሽም" አለች እናቴ። "ቅዳሜ ልምጣ ወይስ ሰኞ?"

"ሰኞ" አለችና በሩን ዘጋችው።