የቆረጥኳቸው ሁለት ምዕራፎች

ይህ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ጾም ሲገባ ደጃችን ብቅ ለሚሉት ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። እሳቸው ቁጣዬን ያውቃሉ፣ ሐሜቴን ያውቃሉ፣ ረቡዕ ቀን ዘንግቼ የጠጣሁትን ወተት እንኳ ያውቃሉ። ይህን ግን አያውቁም። ወተቱን ተናዝዞ ይህን የሚደብቅ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ፍርዱን ለእናንተ ለአንባቢዎቼ ትቼዋለሁ። በራሴ ጉዳይ ዳኛም ጠበቃም እኔው ስለምሆን አልታመንም።

መሐል ሜዳ ከተማ የኮምፒውተር መምህር ነኝ። ከማስተማሩ ጎን አንድ የኢንተርኔት ገጽ አስተዳድራለሁ። የመንዝ፣ የጊሼና የመርሐቤቴ መምህራን የጻፉትን የትምህርት ማስታወሻ ይልኩልኛል፤ እኔ አስተካክዬ እጭነዋለሁ፤ ተማሪው በነጻ ይወስደዋል። ገጹ ክፍት ነው። ክፍት ማለት ምን ማለት እንደሆነም በየስልጠናው ቆሜ የማስረዳው እኔው ነበርኩ። ማንም ይቅዳ፣ ማንም ያሻሽል፤ ብቻ የጸሐፊው ስም ይኑር፣ የተለወጠ ነገር ካለም መለወጡ ይነገር እል ነበር። ይህን ስናገር ድምፄ እንደ ሰባኪ ይሞቅ ነበር። ሁለት ሕግ ብቻ ነበር፤ አንዷን ጠብቄ ሌላዋን የበላሁት እኔ ነኝ።

እኛ ዘንድ ማስታወሻውን ከኢንተርኔት የሚያወርደው ጥቂት ነው። ኔትወርኩ ደስ ሲለው ይመጣል፣ ሲከፋው ሳምንት ይሰነብታል። ገጹ በእውነት የሚሠራው በገበያ ቀን ነው። ደረጀ የሚባል ሞባይል ጠጋኝ ወዳጅ አለኝ። ማስታወሻዎቹን ሁሉ በአንድ ጥቅል አድርጌ እሱ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጣለሁ፤ ገብስ ጭነው፣ በግ ነድተው ከመጡ ወላጆቻቸው ጋር የሚመጡ ተማሪዎች ሚሞሪያቸውን ይሰጡታል፣ እሱ ይገለብጥላቸዋል። አንዱ የወሰደውን ቀዬው ሲደርስ ለጓደኞቹ በስልክ ያካፍላል። ጥቅሉ እንዲህ እያለ ገደሉን ወርዶ አፋፉን ወጥቶ ስልክ የማይሠራበት ቀበሌ ይገባል። በዚህ እኮራ ነበር። አሁንም ሳልኮራ አልቀርም፤ እየተናዘዙ መዋሸት ደግ አይደለም።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉን ፊዚክስ የጻፈችው መምህርት ወይንሸት ናት። ራቤል ከተማ ታስተምራለች። ወይንሸት ስትጽፍ አታሳጥርም፤ ሥዕሉን በእጇ ትስለዋለች፣ ፎቶ አንስታ ትልካለች፣ አንዱን ነገር በሦስት ምሳሌ ካላስረዳች እንቅልፍ አይወስዳትም። እኔ ደግሞ ማሳጠር እወዳለሁ። አንድ ጊዜ ሳልነግራት ሁለት ምሳሌ ባወጣባት ደውላ፣ ያጠረው ለአንተ ነው እንጂ ለልጁ ጨልሞበታል ብላኝ ነበር። ቂም ያዝኩ። በሥራዬ የገባችብኝ መስሎኝ ቂም ያዝኩ፤ ለካ ስገባባት የነበርኩት እኔ ነኝ።

ፈተናው ሲቃረብ ደረጀ ጥቅሉ ከብዷል አለኝ። ልጆቹ ሚሞሪው አልበቃ እያላቸው ባዶ እጃቸውን ይመለሱ ነበር። በዚያው ሰሞን ደብረ ብርሃን ለስልጠና ሄጄ ምሳ ላይ አብሮኝ የተቀመጠ ሰው፣ ከፊዚክስ የመጨረሻዎቹ ሁለት ምዕራፎች ዘንድሮ ፈተና ላይ አይወጡም ሲል ሰማሁ። ከማን ሰማህ አላልኩትም። ወሬው የምፈልገው ወሬ ስለነበር እንደ አዋጅ ተቀበልኩት። ተመልሼ ኤሌክትሮማግኔቲዝሙንም ኤሌክትሮኒክሱንም ቆርጬ ጣልኩ። ጥቅሉ ቀለለ። በሽፋኑ ላይ የወይንሸት ስም በትልቁ እንደተጻፈ ቀረ።

ልደውልላት አልችልም ነበር? ኔትወርክ የለም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ያን ዕለት ኔትወርክ ነበር። ያልደወልኩት አይሆንም እንደምትል ስለማውቅ ነው። ቆረጥኩ፤ ሳልጠይቅ ቆረጥኩ፤ የቆረጥኩትንም በእሷ ስም ላክሁት።

ብዙም ሳይቆይ የኛው ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ጥቅሉን አይቶ፣ ሁሉም ምዕራፍ እኮ ይወጣል፣ ይህን ከየት አመጣችሁት አለኝ። የተቆረጡትን ያኔውኑ ወደ ገጹ መለስኩ። ለደረጀም ሙሉውን ሰጠሁትና፣ ይኸኛው ይሻላል፣ የድሮውን አጥፋው አልኩት። ለምን እንደሚሻል አልነገርኩትም። በገጹ ላይ እርማት የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ ያስከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ሌሎች መምህራን አንዲት ቁጥር ሲሳሳቱ እንኳ እዚያ ካልጻፋችሁ እያልኩ አስጨንቅ ነበር። የኔን አልጻፍኩም። በዚያ ሳምንት ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ገጹን እንደ አርአያ ሊያዩ የሚመጡ እንግዶች ነበሩና እንከን እንዲታይ አልፈለግሁም።

ገጹ ታረመ። ቀድሞ የወጣውስ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የኔውም ጥቅል አፋፉን አልፎ ሄዶ ነበር። አንዴ የወሰደ ልጅ ጎደሎ መሆኑን ካላወቀ ለምን ተመልሶ ይመጣል? የምነግርበት መንገድ አጥቼ አይደለም። በኛ አገር ለሕዝብ የሚነገር ነገር ሲኖር እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ሳይበተን ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ይነገራል። የጠፋ በሬ ይነገራል፣ የክትባት ቀን ይነገራል፣ የማኅበር ሥራ ይነገራል። የፊዚክሱ ጥቅል ጎደሎ ነውና ሙሉውን ውሰዱ ማለት አንድ ትንፋሽ አይፈጅም ነበር። ካህናቱም እንኳን ለዚህ፣ ለጠፋች ፍየል ይናገራሉ። ያላስነገርኩት የሚቀጥለውን ጥያቄ ፈርቼ ነው። ማን አጎደለው ይሉኛላ።

ልጆቹ ደብረ ብርሃን ሄደው ተፈተኑ። ውጤት መጣ።

ከዘመሮ ወጣ ካለ ቀበሌ አንድ አባት ቤቴ መጡ። አባባ ጥላዬ ይባላሉ። ልጃቸው የሺ በምትማርበት ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህሩ ተዛውሮ ተተኪ ስላልመጣ፣ ዓመቱን ሙሉ ያጠናችው ከጥቅሉ ብቻ ነበር። ለጥቂት ወደቀች። እሳቸው ግን ሊወቅሱኝ አልመጡም፤ ሊያመሰግኑኝ ነበር የመጡት። በቤታቸው ሱፍ የተሠራ ባና፣ የብርድ ልብስ፣ ይዘውልኝ መጡ። እምቢ ብል ያዝኑብኛል ብዬ ተቀበልኩ፤ ይህም ውሸት ነው፣ እምቢ ያላልኩት ለምን እንዳይሉኝ ነው።

"አንተማ የድርሻህን አርገሃል፣ እግዜር ይስጥህ" አሉኝ። "የጎዳችን፣ ገበያ ላይ ሲወራ እንደሰማሁት፣ ያች ጎደሎ አርጋ የጻፈችው መምህርት ናት። መጨረስ ካቃታት ስሟን ለምን ትለጥፋለች? ለልጄ ግን ሰበብ እንዳይሆናት ብዬ አልነገርኳትም።"

እኔም ልክ ነው እንደማለት ራሴን ነቀነቅኩ። ሽማግሌውን ደጅ ድረስ ሸኘኋቸው፣ መርቀውኝ ሄዱ። ለሰጠሁት ጎደሎ ምርቃት ተቀበልኩ።

ወሬው ተዛመተ፤ የመምህራን ስብሰባ ላይም ተነሳ። ወይንሸት ከራቤል መጥታ ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሮ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ጠየቀኝ።

"እኔ የተላከልኝን ነው የምጭነው" አልኩ።

ይህችን ቃል እንድናገር ማንም አላስገደደኝም። በሰይፍ አልተያዝኩም፣ ከእንጀራዬ የሚያስነሳኝም አልነበረም። ቢበዛ ሁለት ቀን ይሳቅብኝ ነበር። ለሁለት ቀን ሳቅ ብዬ የሰው ስም ሸጥኩ። ወይንሸት አየችኝ። ብዙ አየችኝ። ከዚያ አንገቷን ደፍታ ዝም አለች፤ እኔም ዝምታዋን ማመን አስመስዬ አለፍኩት። ከእንግዲህ እንዳትጽፍ ተብሎ ከጸሐፊዎቹ መካከል ተሰረዘች። ከዚያ ወዲህ ለገጹ አንድ መስመር ልካ አታውቅም፤ የሚልኩልን ሁሉ ተደምረው የእሷን ያህል ማስረዳት አይችሉም።

ዓመታት አለፉ። ገጹን ማሻሻሌን ቀጠልኩ፤ ፍለጋው ፈጠነ፣ ሥዕሎቹ ቀለሉ፣ መልመጃ ተጨመረ። ሥራ በዛብኝ እያልኩ የሸሸሁት ያችን ስብሰባው ላይ የተናገርኳትን አንድ ቃል ነበር። ባለፈው ጥር ግን የሺን ገበያ ላይ አገኘኋት። ከአባቷ ጋር ሱፍ ይዛ መጥታለች። ለምን ደግመሽ አትፈተኚም አልኳት፤ የሚረዳት መስሎኝ፣ የደግ ሰው ድምፅ አውጥቼ።

"ተወኝ ጋሼ፣ የኔ ጭንቅላት ፊዚክስ አይቀበልም" አለችኝ። "ከልቤ ነው ያጠናሁት። ፈተናው ላይ ግን አይቼው የማላውቀው ነገር መጣብኝ። ያነበብኩት ሁሉ ከውስጤ ጠፋ ማለት ነው።"

አልጠፋባትም። አላነበበችውም። እንድታነበው አላደረግኋትም። ይህች ልጅ እነዚህን ዓመታት ሁሉ የኔን ጥፋት የራሷ ድንቁርና አድርጋ ተሸክማ ኖራለች። ወይንሸት ቢያንስ እንደተበደለች ታውቃለች፤ የሺ ግን መበደሏንም አታውቅም። እዚያው ሱፉ መሐል ቆሜ ልነግራት ፈለግሁ። አልነገርኳትም። እንደገና አልነገርኳትም።

በማግስቱ በሚኒባስ ራቤል ሄድኩ። ወይንሸት ከትምህርት ቤት ስትወጣ ጠበቅኋት። ስታየኝ አልገረማትም። እነዚያን ሁለት ምዕራፎች ብዬ ስጀምር እጇን አንስታ አስቆመችኝ።

"የጻፍኩትንና ያልጻፍኩትን የማላውቅ ነው የሚመስልህ?" አለችኝ። "ያን ቀን ብናገር ገጹን ማን ያምነው ነበር? መምህር የሌላቸው ልጆች በምን ያጠኑ ነበር? አንተ ራስህ ትናገራለህ ብዬ ጠበቅኩ። ጠብቄ ጠብቄ ሰለቸኝ።"

ይቅር በይኝ ልላት አፌን ከፈትኩ።

"ለኔ አትንገረኝ" አለች። "እኔ አውቀዋለሁ። ለማያውቁት ንገር።"

ጥላኝ ሄደች። ቁጣዋ አልበረደም፣ እንዲበርድም የምጠይቅበት አፍ የለኝም። ሰላም ብላኝ ብትሄድ ኖሮ ይህን ጽሑፍ እጽፈው ነበር ወይ? አይመስለኝም። ይቅርታዋን ይዤ ቤቴ እገባ፣ እዚያው እቀመጥ ነበር።

ስለዚህ የሚነበበው ይህ ነው። የፊዚክሱ ማስታወሻ መጀመሪያ ላይ፣ ከወይንሸት ስም ቀጥሎ አስገብቼዋለሁ፤ ደረጀ ለሚገለብጥለት ሁሉ አብሮ ይሄዳል። የሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቆሜ በአፌ እንድናገር፣ ነገሩን ገና ሳልገልጽላቸው የንስሐ አባቴን ፈቃድ ለምኛለሁ፤ አባባ ጥላዬም ዘንድ ዘመሮ ድረስ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ገጹን ከዚህ በኋላ አናምነውም የሚል ካለ መብቱ ነው። ኔትወርክ አልነበረም፣ ወሬ ሰምቼ ነው፣ ሚሞሪው አልበቃም አልልም። እነዚህ ሁሉ እውነት ቢሆኑ እንኳ የቆረጠች እጅ የኔ ናት፣ የዋሸም አፍ የኔ ነው።

የሺ፣ ይህ ሲደርስሽ ረጋ ብለሽ አንብቢው። ፈተናው ላይ ያየሽው ነገር አዲስ የሆነብሽ ጭንቅላትሽ ስላልተቀበለው አይደለም። ለሌሎች ሲደርስ አንቺ ጋ ስላልደረሰ ነው። እንዳይደርስሽ የቆረጥኩት እኔ ነኝ።