ከኋላ የሚመጣ እግር

«አንቺማ የእግር መንገድ ጓደኛቸው ነበርሽ፤ እስቲ አንድ ነገር ተናገሪላቸው» አሉኝ የአጎቴ ባለቤት እትዬ። የአጎቴ አርባ ነበር፤ ሰንሻይን ዌስት በሚባለው የባሕር ማዶ ሰፈራችን፣ እቤታቸው የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

እውነት ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰፈራችን በታች ባለው ወንዝ ዳር አብረን እንሄድ ነበር። አጎቴ ግን ዝም ብለው አይሄዱም። ድንጋዩንም፣ የወደቀውን ቅርንጫፍም በከዘራቸው ወደ ዳር እየገፉ «ከኋላ የሚመጣ እግር አለ» ይላሉ። እኔ ደግሞ ቶሎ ስለሚሰለቸኝ «ኧረ ጋሼ፣ ይተዉት፤ የካውንስሉ ጽዳት ሠራተኞች ያነሱታል!» እላቸው ነበር።

አንድ ቀን አብራኝ የምትሠራ ልጅ ውሻዋን ይዛ መጣችብን። ጋሼ ጎንበስ ብለው ከፊቷ የባሕር ዛፍ ቅርፊት ያነሳሉ።

«ታውቂዋለሽ?» አለችኝ በእንግሊዝኛ፣ እየሳቀች።

«ኖ» አልኳት።

«ኖ» የምትለዋን ጋሼም ያውቋታል። ቀና አሉ። ባርኔጣቸውን አነሱና፣ ልክ እንደማያውቁኝ ሆነው «ጉድ አፍተርኑን» ብለውኝ አለፉ። ውሸቴን ሸፈኑልኝ። ከዚያ ወዲያ «ነይ እንሂድ» ብለውኝ አያውቁም፤ እኔም ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ሞቱ።

ትናንት ብቻዬን ሄጄ ነበር። አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ መንገዱ ላይ ወድቋል፤ ሰው ሁሉ እየዞረው ያልፋል። እኔም ዞሬው አለፍኩ።

«በይ እንጂ» አሉኝ እትዬ።

«እኔን አይጠይቁኝ እትዬ፤ ሰው ፊት ክጃቸዋለሁ» አልኳቸው።

«ምን አልሽ?»

ጃኬቴን አንስቼ ወጣሁ።