ያልተበላው የጁማ ሰደቃ

ኧረ ስጋውን የነካለት ሰው የለም! በሬ የሚያህል ነገር አርዶ፣ የጠገበው ውሻ ብቻ ነው።

ጁማን ነው እምላችሁ፣ የቀበሌያችንን ሊቀመንበር፣ የእት ዑምኩልሱምን ልጅ። እናቱ ሞታ ሰደቃ ቢያወጣ አገሩ አልበላም አለ። እኔ የጠላሁትን ሰው እንኳ አልቅሼ እምቀብር ነኝ፤ የሱን ወጥ ግን አላስጠጋሁትም። ያቅለሸልሸኛል።

ለውጥ መጣ ሲባል እኮ እኛው ነን እጅ አውጥተን የመረጥነው። "አላህን ይፈራል" ብለን! ሸኹ እጁን ቁርኣን ላይ አስጭነው፣ "ልጄ፣ ሹመት አማና ነው፣ የአላህ አደራ። ነገ አላህ ፊት እምትጠይቅህ የመንደርህ ደሃ ናት" አሉት። አሚን አለ። አፍ ምን ይቸግረዋል!

ጦርነቱ የመጣ ለት አሚኑን ረሳው። የቀበሌውን ሞተር አስነስቶ፣ ለጎረቤት "ውጡ" እንኳ ሳይል፣ ወደ ደሴ፣ ኸደሴም ወዲያ ፈረጠጠ። እናቱን ጥሎ! እት ዑምኩልሱምን አዝላ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ዘመድ ቤት ያደረሰቻት ራዚያ ናት፣ ያቺ ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን። ስትመለስ የራሷ ቤት በከባድ መሣሪያ ፈርሶ ጠበቃት።

ኋላ የእርዳታ ስንዴ መጣ። ጁማም ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተደላድሏል። ራዚያ በስብሰባ መሀል ተነሥታ፣ "ሊቀመንበር፣ ያን ለት የት ነበርክ?" አለችው። ወንጀሏ ይኸው ነው። ስንዴ ልትቀበል ብትሄድ የሙስበሃውን ዶቃ እየቆጠረ፣ "ስምሽ የለም" አላት። ቱ! በቢስሚላህ ጀምሮ የደሃ ጉሮሮ ሲያንቅ! ሁለት የልጅ ልጆቿን ይዛ ኸሰው ደጅ እየለመነች ከረመች።

እት ዑምኩልሱም የሞተች ለት ነገሩ ፈነዳ። የኛ ቅሬ እስላም ክርስቲያን ሳይል አንድ ነው፤ አብረን እንቀብራለን፣ አብረን እናለቅሳለን። "መቃብሩን ብቻውን ይቆፍር!" ያለም ነበር። የቅሬው ዳኛ አያ ሙሐመድሁሴን ግን፣ "ሬሳ ምን አጠፋ? ሬሳ አይቀጣም" አሉ። ተቆፈረ፣ ተቀበረች።

ሰደቃው ሲቀርብ፣ "እኔ ጾመኛ ነኝ" አልኩ። ጠዋት ቂጣዬን ጥርግ አድርጌ በልቻለሁ፣ አላህ ይማረኝ። አጠገቤ ያለችው ዋሲላ፣ "እኔም" አለች። ተያያዘ። ክርስቲያኖቹም ለብቻ የተሠራላቸውን መሶብ ሳይከፍቱ ተቀመጡ፤ ሽማግሌያቸው አያ ሙላት "እኛም ጾም ነን" አሉ።

"በማክሰኞ?" አለ ጁማ።

"ዘንድሮ ጾማችን በዝቷል፣ ጌታው። ራዚያ ስትበላ እንፈስካለን" አሉት አያ ሙላት።

ፊቱ አመድ መሰለ። ሰደቃዋ ያልተበላላት እናት ምንዳው እንዴት ይደርሳታል! ገብቶ የስንዴውን መዝገብ አምጥቶ፣ ሰው ፊት የራዚያን ስም ጻፈ። ኸለቀስተኛው መሀል ወደተቀመጠችበት ዞረ።

"ራዚያ፣ አውፍ በይኝ።"

"እናትህን ያዘልኩት ላንተ ብዬ አይደለም። እኔን ተወኝና አላህን ፍራ" አለችው።

ዱዓውን ለእት ዑምኩልሱም አደረግንላት። ወጡን ግን ማንም አልጎረሰ። የተጻፈ ስም መቼ ይቦካል? በማግስቱ ጁማ ስንዴውን ራሱ ተሸክሞ ራዚያ ደጅ ሲያወርድ በዓይኔ በብረቱ አየሁት። ስጋው ያኔ ሸቶ ነበር።

አሁን ሲያልፍ ሰላም እለዋለሁ። ሰላም ባልኩት ቁጥር ግን ሳቄ ይመጣል። ሳይሾም በፊት፣ ማሽላ ስንወቃ፣ ገንፎውን እስካንገቱ በልቶ የቀትሩን ስግደት፣ ዙህርን፣ አሰግድ ተባለ። ሱጁድ ወረደ፤ ቀረ። እኛም ኸኋላው ግንባራችን መሬት ላይ፣ "አላሁ አክበር" እስኪል እንጠብቃለን። ረዘመ። "ይኸ ልጅ እንዴት ያለ አላህን ፈሪ ነው!" አልኩ በልቤ። አልፎ አልፎ የሚያጉረመርም ድምፅ ሰማሁ። ለካ እያንኮራፋ ኖሯል! እናቱ ጫማዋን አንስታ ቂጡ ላይ እስክትወረውርበት ድረስ በሬዎቹ ማሽላውን በልተው አጋመሱት።