ርዕሶቹን ያስተካከልንበት እሁድ

ስኳር በሽታ የጓደኛዬን ዓይን ሲያጠፋው ዓረብ አገር በቤት ሠራተኝነት የቀጠረቻት ማዳሟ ከቤት አስወጣቻት፤ ፓስፖርቷን ግን አስቀረችው። እኔ ጀማይዜ ሰፈር ምግብ ቤት እያጸዳሁ ናባዓ በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበርና አብረን መኖር ጀመርን። የወሎ ልጅ ናት፤ ሰው እጇን ይዞ ሲመራት እንኳ ትቆጣለች። መልእክቶቿን በድምፅ የሚያነብላት ስልኳ ነበር።

እሁድ እሁድ የምንሰበሰብ ሴቶች በዚያ ሰሞን ለሠራተኞች የመብት መመሪያ በአማርኛ አዘጋጀን። ለእሷም ላክሁላት። የፓስፖርቱን ክፍል ፈልጋ ስልኳን ብትነካካ፣ ድምፁ ከመግቢያው እየተነሳ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ዕረፍት፣ ስለ ሕክምና ያነበንባል። ላፕቶፕ ላይ ከፍቼ ሳየው ችግሩ ገባኝ። የርዕሶቹን ፊደል አግዝፈንና አድምቀን ነበር እንጂ ርዕስ መሆናቸውን ለፕሮግራሙ አልነገርነውም። ለዓይን ርዕስ ናቸው፤ ለስልኩ ግን እንደማንኛውም መስመር ናቸውና ከአንዱ ወደ ሌላው መዝለል አይችልም።

ለሰብሳቢያችን ነገርኳት። እሷም ደክሟት ነበር፤ ሥራው ኸላስ አልቋል፣ ለአንድ ሰው ብለን እንደገና አንነካካውም፣ አንቺ አንብቢላት አለችኝ።

ይህን ለጓደኛዬ ነገርኳት። በሚቀጥለው እሁድ ቀድማኝ ለብሳ ጠበቀችኝ። ስብሰባው ላይ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፍ አደረገችና፣ ፓስፖርት የሚለው ጋ ሲደርስ ንገሩኝ አለች። መግቢያው ተነበበ፤ ምስጋናው ተነበበ። ሴቶቹ መቁነጥነጥ ጀመሩ። ሰብሳቢያችን አንዳችን እናንብብልሽ ብላ ልታባብላት ሞከረች።

"እኔ አንባቢ አልለመንኩም" አለች ጓደኛዬ። "እናንተ በምትገቡበት በር ልግባ ነው ያልኩት።"

ሰብሳቢያችን ላፕቶፑን ወደ እኔ ገፋችው። "ያላ፣ በይ አሳዪኝ።"

የመመሪያውን ስም አንደኛ ደረጃ ርዕስ፣ ዋና ዋና ክፍሎቹን ሁለተኛ፣ በሥራቸው ያሉትን ሦስተኛ አደረግን። አንድ ቦታ ላይ ፊደሉ አነስ ሲል ያምራል ብለን ከሁለተኛ ወደ አራተኛ ዘለልን፤ ወደ ስልኳ ስንልከው ጓደኛዬ ደረጃ መዘለሉን ሰማችና መልሱት አለች። ወደ ሦስተኛ መልሰን እንደገና ላክንላት። ከዚያ ጣቷን እያንሸራተተች ከርዕስ ርዕስ ሄዳ ፓስፖርት ላይ ቆመች። ፓስፖርት የባለቤቱ ነው፣ አሠሪ ሊይዘው አይገባም ይላል። ደግማ አዳመጠችው።

ሰኞ ፓስፖርቷን ልትጠይቅ ማዳሟ ጋ ደወለች። ማዳሟ ከመጪው በዓል በኋላ ነይ ብላ ልታሰናብታት ስትል፣ "ላ፣ አይሆንም ማዳም። ነገ እመጣለሁ" አለቻት። ማክሰኞ አብረን ሄድን። ሴትየዋ በሩን ገርበብ አድርጋ ፓስፖርቱን ወደ እኔ ዘረጋችው። እጄን አልሰነዘርኩም። ጓደኛዬ መዳፏን ከፍታ ጠበቀች፤ ሴትየዋም በመጨረሻ እሷው እጅ ላይ አስቀመጠችው።