የህዋ ሰዎችን ያመነችው ልጅ

መተማ ቆላ፣ ኮኪት በማስተምርበት ጊዜ ዓርብ ዓርብ በእረፍት ሰዓት በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ተከታታይ ታሪክ አነብ ነበር። የጻፍኩት ራሴ ነኝ። የሳይንስ መምህርት ነበርኩ፤ ለሰባተኛ ክፍል ስለ ዘረ መል ሳስረዳ ልጆቹ ሲያዛጉ አየሁና በታሪክ ብነግራቸው ይገባቸው ይሆናል ብዬ ጀመርኩት።

ታሪኩ ህዋ ላይ ስለሚኖሩ ሰዎች ነው። ቅድመ አያቶቻቸው ከምድር የወጡ ናቸው። ክብደት በሌለበት ቦታ አጥንት ይሳሳል፣ የፀሐይ ጨረርም ደም ይጎዳል፤ ስለዚህ ሐኪሞቻቸው የልጆቹን ዘረ መል ገና ከጽንሱ ለወጡት። ከብዙ ትውልድ በኋላ ሌላ ዓይነት ሰው ሆኑ፤ ጣታቸው ረዘመ፣ እግራቸው እንደ እጅ መጨበጥ ቻለ፣ ልባቸው ትንሽ ሆነች። እንደኛው ይጋባሉ፣ ይኳረፋሉ፣ ልጅ ክርስትና ያነሳሉ። ምድርን ግን በመስኮት ያዩዋታል እንጂ አይረግጧትም። በአምስተኛው ሳምንት ከእነሱ አንዷ የአያቶቼን አገር ልይ ብላ ወረደች። ምድር ስትደርስ የገዛ ሰውነቷ ከበዳት፤ ያቺ ትንሽ ልብ ደሙን መግፋት አቃታት። በወደቀችበት ሞተች።

ድምፅ ማጉያውን ስዘጋ ግቢው ጸጥ ብሎ ነበር። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ።

ወደ መምህራን ክፍል ስሄድ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ተከተለችኝ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የእጅ ጽሑፏ የሚያምር ልጅ ናት።

«ቲቸር፣ ቆላ ተወልዶ ያደገ ሰውስ ደጋ ሲወጣ እንደሷ ይሆናል?»

የፈተና ወረቀት ላስረክብ ቸኩዬ ነበር። ሳልቆም «ትንሽ ትንሽማ ይሆናል! አየሩ ይሳሳል፣ ልብም ይደክማል» ብያት ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ይህን አላስተዋልኩም፤ ወይም አስተውዬ አልፌዋለሁ። የትኛው እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ የለችም። ጥቅምት ነው፤ በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ብዙ ተማሪ ስለሚቀር ምንም አልመሰለኝም። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ አባቷ መጡ። ገበሬ ናቸው፤ የእርሻው ጥቁር አፈር ጫማቸው ላይ ደርቋል። በሩ ላይ ቆመው ኮፍያቸውን አወለቁ።

«መምህር፣ ልጄ እርስዎ ዘንድ አለች?»

«አልመጣችም። ምነው?»

«ጎህ ከቀደደ ጀምሮ የለችም። ዛሬ ደጋ፣ ዳባት ወንድሜ ዘንድ ልልካት ነበር፤ አገሩ እስኪረጋጋ እዚያ ትማር ብዬ። መኪናው ሊነሳ ሲል ሻንጣዋ አለ፣ እሷ የለችም።»

ዳባት የሚለውን ስሰማ ክው አልኩ።

«ከዚህ በፊት ደጋ ሄዳ ታውቃለች?»

«የት ሄዳ! እዚሁ ተወልዳ እዚሁ አደገች። ከደጋ የወረድነው እኛ ነን።»

ያኔውኑ ልነግራቸው ይገባ ነበር። አልነገርኳቸውም። «አብሬዎት ልፈልግ» ብቻ አልኩና ርእሰ መምህሩን አስፈቅጄ ወጣሁ።

መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ሄድን፤ አላየናትም አሉን። መናኸሪያ ሾፌሮቹንና ረዳቶቹን አንድ በአንድ ጠየቅን፤ ብቻዋን የተሳፈረች ልጅ የለችም አሉን። ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርዱ የጭነት መኪኖች በአጠገባችን ባለፉ ቁጥር ዓይኔ ጋቢናቸው ውስጥ ነው። ከዚያ ወደ ወንዙ ወረድን። እዚያ አባትየው ድምፃቸው ተቀየረ፤ ስሟን እየጠሩ ዳር ዳሩን ሮጡ። ጭቃው ላይ የከብት ኮቴ እንጂ የልጅ እግር አላየንም። እኔ ግን ውኃውን ማየት ማቆም አቃተኝ።

ቀጥሎ ያለው እርሻ ነው። የታጨደው ሰሊጥ እየታሰረ እንዲደርቅ ቆሟል፤ ሂላ እንለዋለን። ሂላው ዓይን ማየት እስከሚችለው ድረስ ተደርድሯል፤ ከእያንዳንዱ ሥር አንዲት ቀጭን ልጅ ተቀምጣ ልትደበቅ ትችላለች። እባቡም ጥላ ፍለጋ የሚገባው እዚያው ነው። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ልጅቷ ውኃ ይዛ ይሁን አይሁን አናውቅም። አንዲት ግራር ሥር ስንደርስ ቆምኩ።

«ጋሼ፣ የምነግርዎት ነገር አለ።»

ታሪኩንም ጥያቄዋንም የመለስኩላትንም ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ሴትዮዋ ሞተች?»

«በታሪኩ፣ አዎ።»

«ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልነበራትም። ወባ መስሎኝ አስመረመርኳት፤ የለባትም አሉኝ።» ወደ እኔ ዞሩና «ታዲያ መምህር፣ ይህን ይዘው ነው እስካሁን ወንዝ ለወንዝ ያዞሩኝ?» አሉ።



መልሴን አልጠበቁም። «ይቺ ልጅ ነገር ሳታጣራ አትተኛም። ደጋን የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ሄዳ ይሆናል» አሉና ወደ ሠራተኞቹ ካምፕ አቅጣጫ ገሰገሱ። እዚያ ከጎጃምና ከወሎ ለአጨዳ የወረዱ የቀን ሠራተኞች ሰፍረዋል።

እዚያው አገኘናት። ከሸራው ጥላ ሥር፣ ከምግብ አብሳይዋ አጠገብ፣ ደብተር ጭኗ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። አባቷ ጭንቅላቷን ደረታቸው ላይ አጣበቁት።

«ኧረ እናንተ ናችሁ ቤተሰቦቿ?» አለች አብሳይዋ በጎጃም አነጋገሯ። «ከጠዋት ጀምራ ሰዉን ሥራ አስፈታችው እኮ! ‹ስትወርዱ ምን ሆናችሁ? ስትመለሱስ ልባችሁን ምን አላችሁ?› ትላለች። አባቴ ልኮኝ ነው ስላለችን ዝም አልን።»

ደብተሩን አየሁት። በዚያ በሚያምር ጽሑፏ የእያንዳንዱን ሰው መልስ አስፍራለች። አንዱ፣ መጀመሪያ ሲወርድ ወባ ጥሎት ነበር፤ አገሩ ሲመለስ ምንም አልሆነም። ሌላው ዳገቱ ላይ ጆሮው ይደፈናል። አንድ ሽማግሌ ከቆላ በተመለሱ ቁጥር ሳምንት እንቅልፍ ብቻ ነው የሚያሰኛቸው።

«አየሽ፣ ማንም አልሞተም» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ቲቸር፣ እነዚህ ሁሉም ደጋ የተወለዱ ናቸው። ቆላ የተወለደ አንድ ሰው አላገኘሁም።»

አጠገቧ ተንበረከክሁ። «ዓርብ የነገርኩሽ ስህተት ነው። የታሪኩ ሰዎች ዘረ መላቸው ተለውጧል፤ ያውም በፈጠራ። አንቺ የአባትሽ ልጅ ነሽ፤ የሳቸው ሰውነት የቻለውን ያንቺም ይችላል።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ነኝ» አልኩ። ዓርብ ዕለትም እንዲሁ ነበር የመለስኩላት፤ ሳላመነታ።

በዚያ ቀን አልሄደችም። ቅዳሜ እኔ እንዳደርሳት ተስማማን። ጎንደር መኪና ቀይረን ዳገቱን ስንያያዘው እጄን ጨበጠችው፤ «ጀመረኝ» አለች። ጆሮዋ ተደፍኖ ነው። የኔም ተደፍኗል አልኳትና ማስቲካ ሰጠኋት። ልጅቷ የማናውቀው ሕመም ቢኖርባትስ? በእኔ እጅ አንድ ነገር ብትሆንስ? ዳባት እስክንደርስ የከንፈሯን ቀለም ይጠቁር እንደሆነ ሳይ ዋልኩ። አጎቷ ጋቢ ይዘው ጠበቁን፤ አልብሰው ወሰዷት።

ኮኪት ስመለስ ታሪኩን አልቀጠልኩም። ተማሪዎቹ ጠየቁኝ፤ ጉሮሮዬን አሞኛል አልኳቸው። ወዲያው ኔትወርክ ጠፋ፤ ለሳምንታት የልጅቷን ወሬ አባቷም እኔም አልሰማንም። ገበያ ላይ በሩቁ ሳያቸው ጭንቀታችን አንድ ስለነበር ሰላምታ እንኳ ይከብደን ነበር።

ታኅሣሥ ላይ መስመሩ ሲሠራ አጎቷ ጋ ደወልኩ።

«ደህና ናት መምህር። ትንሽ ታስላለች እንጂ።»

«ሳሉ ደረቅ ነው? ሌሊት ይነሳባታል? ደረቷን ያማታል?»

ሳቁ። «እዚህ እኮ ውርጭ ነው፤ የማያስለው ማን አለ?»

እኔ መሳቅ አልቻልኩም። «እባክዎ ያገናኙኝ» አልኳቸው። ስሟን ወደ ውጭ ሲጠሩ ተሰማኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ጠበቅኩ፤ ሲነሳ የመጣው ቃል ሳይሆን ቁና ቁና የሚተነፍስ ድምፅ ነው።

«ምን ሆነሽ ነው? ለምን ታለከልኪያለሽ?» ብዬ ጮህኩ።

«ምንም አልሆንኩም ቲቸር፤ ገመድ እየዘለልን ነበር» አለችኝ።